ካሜራ ቡና እንዴት ይለቅማል?

አንድ ጥሬ የቡና ፍሬ 0.15 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ኪሎ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ ፍሬ አለ ማለት ነው። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ ቁጥሩ ወደ 400 ሺህ ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ መሃል ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን፣ የሻገተውን ለይቶ ማውጣት ለቀማ ይባላል። ጥቂት የገማ ፍሬ ከተቀላቀለ ጀበናው በሙሉ ይበላሻል።

በአገራችን ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዛሬም ይሠራሉ። በብዙ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካዎች ግን ቁም ሳጥን የሚያክል ማሽንም ቆሟል። ሥራው ላይ ያሉ ሰዎች «ከለር ሶርተር» (በቀለም የሚለይ) ይሉታል። በሰዓት አንድ ቶን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ በየሰከንዱ ከ1,800 በላይ ፍሬ እያየ «ይለፍ» ወይም «ይውጣ» ይላል።

እንዴት ነው የሚያደርገው? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰ ሰው የማሽን ዕይታ የሚባለውን ሰፊ ዘርፍ ግማሹን ተረዳው ማለት ይቻላል። የመኪና ፋብሪካ ሮቦት የተዘበራረቀ ብረት ፈልጎ የሚያነሳው፣ የቢራ ፋብሪካ የተሰነጠቀ ጠርሙስ የሚለየው፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ክኒን የጎደለበትን እሽግ የሚይዘው በዚሁ ዘዴ ነው። እኔ ግን ቡናውን ይዤ እሄዳለሁ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነውና።

ከካሜራው በፊት ብርሃኑ

እናቴ ምስር ስትለቅም ሰፌዷን ይዛ ወደ በር ትወጣ ነበር። ጓዳው አምፖል አለው፤ ግን «ጠጠሩ እዚህ አይታየኝም» ትላለች። ሰፌዱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ታደርገዋለች፣ ታዞረዋለች። ጠጠሩ በአንዱ በኩል ያበራል፣ ምስሩ አያበራም። ያኔ ጣቷ ወዲያው ያገኘዋል።

የማሽን ዕይታ ዋናው ጥበብ ይኸው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ካሜራው ቡና ምን እንደሆነ አለማወቁ ነው። ካሜራ የሚያውቀው ምን ያህል ብርሃን እንደገባበት ብቻ ነው። ምስሉ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ካሬዎች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ይሰጠዋል። 0 ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ 255 ደማቅ ነጭ ነው። ባለ ቀለም ከሆነ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቁጥር ይኖረዋል። እኛ ፍሬ የምንለው ነገር ለኮምፒውተሩ የቁጥር ክምር ነው።

እንግዲህ ደህናው ፍሬና መጥፎው ፍሬ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡ፣ የፈለገው ዓይነት ፕሮግራም ቢጻፍ ሊለያቸው አይችልም። ብርሃኑ ቁጥሮቹን ካራራቃቸው ደግሞ በጣም ቀላል ፕሮግራም ይበቃል። ለዚህ ነው የዘርፉ ሰዎች አዲስ ሥራ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቀናቱን ብርሃን በመሞከር የሚያሳልፉት።

ጥቂት ምሳሌ ልስጥ። ተመልሶ የመጣ የቢራ ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት ይፈተሻል። ብርሃኑ ከሥሩ ይበራል፤ ካሜራው ከላይ በአንገቱ ቁልቁል ያያል። የጠርሙሱ ቂጥ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የቀረ ቆሻሻ ካለ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ሲነበብ ግን ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእርሻው ትልም ሁሉ ጎልቶ እንደሚወጣው፣ ትንሿ ጉድጓድ ጥላ ትሠራለች። የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ላይ ይህ አይሠራም፤ ነጸብራቁ ያሳውራል። እዚያ ብርሃኑ እንደ ዳመናማ ቀን ከየአቅጣጫው እኩል እንዲመጣ በጉልላት ይሸፈናል።

ቡና ላይ የሚገርመው የገማው ፍሬ ነገር ነው። በመፍላት ሂደት የተበላሸ ፍሬ አንዳንዴ መልኩ ከደህናው አይለይም። ሲቆላና ሲፈላ ነው ጉዱ የሚታወቀው። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት ግን ብዙውን ጊዜ ደመቅ ብሎ ያበራል። በተራ ብርሃን በዓይናችን የማናየውን ካሜራው አየው ማለት ነው። በኢንፍራሬድ ደግሞ የቡናውን ቀለም የያዘ ጠጠርና የአፈር ጓል ከፍሬው ይለያል። ማሽኑ ከሰው ዓይን የሚበልጥበት ቦታ ካለ እዚህ ነው። ቢፈጥንም በብልህነት አይበልጥም፤ እኛ የተከለከልነውን የብርሃን ዓይነት ግን ማየት ይችላል።

ፍሬው እየወደቀ ነው

ቡናው ከላይ ካለው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። የሚንቀጠቀጥ ሳህን ይበትነዋል፤ ፍሬዎቹ ሳይደራረቡ በተንሸራታች አሸንዳ ላይ ይወርዳሉ። ከአሸንዳው ጫፍ ሲለቁ አየር ላይ ናቸው። ካሜራው የሚያያቸው እዚያ ነው።

ግማሽ ሜትር የወደቀ ነገር በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ስልካችን ቤት ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ ዓይኑን ለሰከንድ 1/60ኛ ያህል ከፍቶ ይቆያል እንበል። በዚያች ቅጽበት ፍሬው 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ፎቶው ላይ የሚወጣው የተዘረጋ ጭረት ነው። ስለዚህ የማሽኑ ካሜራ ዓይኑን የሚከፍተው እጅግ ለአጭር ጊዜ ነው። 1/20,000ኛ ሰከንድ ቢሆን ፍሬው የሚንቀሳቀሰው 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ምስሉ ጥርት ይላል። ችግሩ፣ ዓይን ለአጭር ጊዜ ሲከፈት የሚገባው ብርሃን ትንሽ ነው። ስለዚህ መብራቱ በጣም ኃይለኛ መሆን አለበት። ዞሮ ዞሮ ወደ ብርሃን ተመለስን።

ካሜራው ራሱም ከስልካችን ካሜራ ይለያል። ስልካችን ሙሉ ምስል በአንድ ጊዜ ያነሳል። ይኸኛው አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚያየው። ፍሬው በመስመሩ ፊት ሲያልፍ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን ያነብባል፤ ኮምፒውተሩ ይደረድራቸዋል። ሸማኔ ድርን በማግ እየመታ ጋቢ እንደሚያወጣው፣ ምስሉም በመስመር በመስመር ይሠራል። ብዙ ማሽኖች ላይ ካሜራ ከፊትም ከኋላም አለ። ነቀዙ የበሳው በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅማ።

ከካሜራው ዝቅ ብሎ የአየር አፈሙዞች ተደርድረዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላሉ ብንል፣ ፍሬው እዚያ ለመድረስ የሚፈጅበት 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምስሉ መነበብ፣ ውሳኔው መሰጠት፣ ፍሬው የሚያልፍበት አፈሙዝ መታወቅና ቫልቩ መከፈት አለበት። የታመቀው አየር ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብው ይላል። መጥፎው ፍሬ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ሳጥን ይወድቃል።

እዚህ ላይ መፍጠን ብቻውን አይበቃም፤ በሰዓቱ መድረስ ያስፈልጋል። አየሩ 5 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ፍሬው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ተዛንፏል። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ደህና ፍሬ ይመታል፤ ጥፋተኛው በሰላም ያልፋል።

ለየትኛው ስህተት ትጨክናላችሁ?

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። ቀላሉ መንገድ ወሰን ማበጀት ነው። «ከዚህ ቁጥር በታች የጨለመ ፒክስል ከዚህ በላይ ከበዛ፣ ፍሬው ይውጣ።» ቦታውን ያገኘ ወሰን ብዙ ሥራ ይሠራል። ግን የታጠበ ቡና ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ ያልታጠበው ወደ ቢጫና ቡናማ። ለታጠበው የተበጀ ወሰን ያልታጠበው ላይ ቢተው ደህናውን ፍሬ እያፈሰ ይጥላል። ስለዚህ ቡናው በተቀየረ ቁጥር ወሰኑ እንደገና ይስተካከላል።

ከዚያ ደግሞ ማንም ማሽን የማያመልጠው ጥያቄ ይመጣል። ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥር ልውሰድ። 100 ሺህ ፍሬ አለን፤ 15 ኪሎ ማለት ነው። ከመቶ አንዱ መጥፎ ነው፤ ማለትም 1,000 ፍሬ። ማሽኑ ከመጥፎው 95 በመቶውን ይይዛል፤ ከደህናው 1 በመቶውን ብቻ በስህተት ይጥላል። ጥሩ ማሽን ይመስላል አይደል?

እንቁጠረው። ከመጥፎው 950 ወጣ፤ 50 አመለጠ። ከ99 ሺህ ደህና ፍሬ ደግሞ 990 ተጣለ። የተጣለው ሳጥን ውስጥ ያለው ፍሬ 1,940 ነው፤ ከግማሽ በላይ ግን ደህና ቡና ነው! በአንድ ቶን ሲሰላ ወደ 10 ኪሎ ጥሩ ቡና ከነገለባው ሄደ ማለት ነው።

«እንግዲያው አጥብቁት» ቢባል ሌላ ጣጣ አለ። መጥፎውን 99 በመቶ እንዲይዝ ብናጠብቀው፣ በስህተት የሚጥለው ደህና ፍሬ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ያኔ የሚያመልጠው መጥፎ 10 ብቻ ይሆናል፤ የሚጣለው ደህና ግን 2,970። ሁለቱን ስህተቶች በአንድ ጊዜ ዜሮ ማድረግ አይቻልም። አንዱን ስትጫኑት ሌላው ብድግ ይላል። ለየትኛው መጨከን እንደሚሻል የሚወስነው ሰው ነው፤ የገዢውን ፍላጎትና የቡናውን ዋጋ አይቶ። ጥሩ ማሽኖች የተጣለውን በሌላ አሸንዳ ደግመው የሚያሳልፉት ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዙር በስህተት ከተጣለው ደህና ፍሬ ብዙው ይመለሳል።

ይህ ስሌት ለቡና ብቻ አይደለም። ጉድለት ጥቂት፣ ደህናው ብዙ በሆነበት ሁሉ ይሠራል። አንድ ሻጭ «ማሽናችን 99 በመቶ ትክክል ነው» ሲላችሁ፣ «በየትኛው ስህተት?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከቦሎቄ እስከ ሮቦት

ቴክኖሎጂው ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ በብርሃን መለኪያ ቦሎቄ የሚለዩ ማሽኖች ነበሩ። እነዚያ አንድ ፒክስል ብቻ ያለው ካሜራ እንደነበራቸው ቁጠሩት። ብርሃኑ ከቀነሰ ፍሬው ጥቁር ነው፤ አለቀ። በ1969 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን ብርሃን ተቀባይ ቺፕ ፈጠሩ። በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ምስል ያለ ፊልም፣ በቀጥታ ወደ ቁጥር የሚቀየርበት መንገድ ተከፈተ።

ሮቦቶች በበኩላቸው ለረጅም ጊዜ ዓይን አልነበራቸውም። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 ኒው ጀርሲ ባለው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ትኩስ ብረት ከማቅለጫ ቅርጽ ውስጥ ያወጣ ነበር። ጠንካራ ነበር፤ ግን ያስተማሩትን እንቅስቃሴ ይደግማል እንጂ አያይም። ብረቱ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ካለ አየር ይጨብጣል። ፋብሪካዎች ለሮቦቱ ሲሉ እያንዳንዱን ዕቃ በጥንቃቄ በቦታው የሚያስቀምጥ ሌላ መሣሪያ መሥራት ነበረባቸው።

በ1980ዎቹ መባቻ ያው ጄኔራል ሞተርስ ካናዳ ውስጥ ባለው የሴይንት ካትሪንስ ማቅለጫው ኮንሳይት የተባለ ሥርዓት ተከለ። ዘዴው ያምራል። በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ከግራና ከቀኝ ዘንበል ብሎ ይጣላል። ቀበቶው ባዶ ሲሆን ሁለቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ዕቃ ሲመጣ ከፍታው ስላለው መስመሩ ይሰበራል። ካሜራው የተሰበረበትን እያነበበ የዕቃውን ቅርጽ ያወጣል፤ ሮቦቱ ቀበቶው ሳይቆም ያነሳዋል። ቆሻሻ በሞላበት ማቅለጫ ውስጥ፣ በዚያን ዘመን ኮምፒውተር! ዛሬም ያስደንቀኛል። እዚህም ሥራውን ያቀለለው የብርሃኑ አጣጣል ነው።

ሮቦት ሲጨመር አንድ አዲስ ችግር ይመጣል። ካሜራው «ብሎኑ ከግራ 412ኛው፣ ከላይ 230ኛው ፒክስል ላይ ነው» ይላል። የሮቦቱ ክንድ ግን ፒክስል አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚቆጥረውም ከራሱ እግር ተነስቶ ነው። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች «በግራ በኩል» ሲባባሉ እንደሚሳሳቱት ነው። ማን ግራ? ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ስሌት ያስፈልጋል። የቼዝ ሰሌዳ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ገበታ በካሜራው ፊት በተለያየ አቅጣጫ ይታያል። የካሬዎቹ መጠን ስለሚታወቅ ኮምፒውተሩ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያጣምምና ካሜራው የት እንደቆመ ያሰላል። ዜንግዩ ዣንግ በ2000 ያሳተመው ዘዴ ይህን ሥራ ለማንም የሚቻል አደረገው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የጽዳት ሠራተኛ ካሜራውን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ካደረገው ስሌቱ ሁሉ ተናጋ፤ እንደገና ይሠራል።

ጥልቀትም አለ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ሞክሩ። አንድ ካሜራም እንዲሁ ነው፤ ዕቃው ቅርብ ይሁን ሩቅ ይጠፋዋል። ሁለት ካሜራ ወይም እንደ ኮንሳይቱ መስመር ቅርጽ ያለው ብርሃን ሲጨመር ርቀቱ ይገኛል። ሳጥን ውስጥ እንደ ምስር የተከመሩ ብሎኖችን አንድ በአንድ ማንሳት ለሮቦት ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። ይደራረባሉ፣ ያብለጨልጫሉ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ ይሸፍናል። ሕፃን ልጅ በደቂቃ የሚሠራውን ሮቦት እስኪለምደው ስንት ዓመት ወሰደ።

ወሰን የማይበጅለት ነገር

ጥቁር ፍሬ በቁጥር ይገለጻል። «ትንሽ የደበዘዘ፣ ዳር ዳሩ የተሸበሸበ፣ ያልበሰለ የሚመስል» ፍሬስ? ልምድ ያላት ለቃሚ ታውቀዋለች፤ በቁጥር አስቀምጪው ብትሏት ግን ይቸግራታል። ቆዳ ላይ ያለ ጭረት፣ የብየዳ ጉድለት፣ የእንጨት ጉጥም እንዲሁ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው በምሳሌ መማር የገባው። በ2012 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሌክስ ክሪዜቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን ምስል በመለየት ውድድር ላይ በዚህ ዘዴ ስህተታቸውን ወደ 15.3 በመቶ አወረዱ። የቀጣዩ ተወዳዳሪ 26.2 በመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ፋብሪካ ገባ። ወሰን በመጻፍ ፈንታ በሺዎች የሚቆጠሩ የደህናና የመጥፎ ፍሬ ፎቶ ይሰጠዋል፤ ልዩነቱን ራሱ ይፈልጋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉንም ፈታ ማለት ግን አይደለም። የብረት ዘንግ ውፍረት በትክክል ለመለካት የድሮው ስሌት ይሻላል፤ ለምን እንደወሰነም ያስረዳል። በተጨማሪም ፎቶዎቹን «ይህ ደህና፣ ይህ መጥፎ» ብሎ የሚመድባቸው ሰው አለ። ሁለት መዳቢዎች አንዱን ፍሬ ካልተስማሙበት ማሽኑ የሚማረው አለመስማማታቸውን ነው።

መዳቢው ማን ይሁን? እኔ መልሱን ሳላመነታ እናገራለሁ። ለቃሚዎቹ። ማሽን ገዝቶ በማግስቱ ሴቶቹን በሙሉ ያሰናበተ ባለቤት፣ ማሽኑን የሚያስተካክልለትን ዓይን አብሮ አሰናብቷል። ለዓመታት ቡና ያየች ሴት በአንድ ወር ሥልጠና ማሽኑን ልታንቀሳቅስ ትችላለች። ለአንድ ኢንጂነር ግን የእሷን ዓይን በአንድ ወር መስጠት አይቻልም። ደግሞም ለጥሩ ገበያ የሚሄድ ቡና ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በኋላም በእጅ ይለቀማል። እውቀታቸው የሚገባውን ክፍያ ቢያገኝ ፋብሪካውም ይጠቀማል።

አቧራና አየር

ማሽኑን የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። ቡና ብናኝ አለው። ብናኙ የካሜራው መስታወት ላይ ሲቀመጥ ምስሉ ይጨልማል። ማሽኑ ፍሬው ሁሉ የጠቆረ ይመስለዋል፤ ደህናውን ማፍሰስ ይጀምራል። «ሶፍትዌሩ ተበላሸ» ተብሎ ባለሙያ ይጠራል። የሚያስፈልገው ግን ለስላሳ ጨርቅ ነበር። ብዙ ማሽኖች መስታወቱን የሚወለውል መጥረጊያ አላቸው፤ እሱም ራሱ ይቆሽሻል።

ሁለተኛው አየሩን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ነው። ሰው ለካሜራው ብዙ ብር ከፍሎ ለአየሩ ይቆጥባል። አየሩ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ካለ ቫልቮቹ ይጣበቃሉ፣ ይዘገያሉ። 5 ሚሊ ሰከንድ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ፍሬው ይመታል እንጂ ከመስመሩ አይወጣም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም አምፖሎቹ እስኪረጋጉ ድረስ ቡና ባያሳልፉ ይመረጣል።

ማሽን ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ የሻጩን ቪዲዮ አይታችሁ አትወስኑ። ከራሳችሁ ቡና ሁለት ጆንያ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ የታጠበ፣ አንዱ ያልታጠበ። መዝናችሁ አሳልፉት። ያለፈውንም የተጣለውንም እንደገና መዝኑ። ከሁለቱም ሳጥን እኩል ናሙና ውሰዱና ይዛችኋት የሄዳችሁትን ጎበዝ ለቃሚ በመስኮት አጠገብ አስቀምጧት። መጀመሪያ የተጣለውን ትቁጠር። እዚያ ውስጥ ስንት ደህና ፍሬ እንዳገኘች ስትነግራችሁ ጻፉት፤ ቀጥላ ያለፈውን ትቁጠር።